ሦስት ሚስማር

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሽንኩርቱን ጭኖ፣
አይሱዙው ደረሰ በጭስ ተሸፍኖ።
አስናቀው ወረደ፤ ጎማውን በእርግጫ
ብሎት ተዘረጋ ከድንጋይ መቀመጫ።
«ሜዳው ላይ ደህና ነው፤ ዳገት ሲያይ ያምጣል፣
ነዳጅ ብሰጠው ደግሞ ጭሱን ያመጣል።
በአንደኛ ማርሽ ስድህ፣ ምን ልበልህ፣ ያው፣
አንድ ሽማግሌ ቀደመኝ ከነአህያው።»

ምክር አይጠፋም መቼም ከጋራዥ በር ላይ፤
አንዱ «ኖዝል ነው» አለ፣ ጭሱን እንኳ ሳያይ፤
አንዱ «ናፍጣው ነው»፤ አንዱ «ሶማሌ ተራ
ሙሉ ቱርቦ ይግዛ፤ ማደስ ነው ኪሳራ።»

«አስነሳው» አልኩና ጆሮዬን ሰጠሁት፣
ዓይኔን ጨፈን አርጌ ትንፋሹን ሰማሁት።
ጤነኛ ቱርቦ ያፏጫል፣ ልክ እንደ ነፋስ
የጣርማ በርን አፋፍ ሲያስስ ሲዳስስ።
ይሄ ግን ይጮሃል፣ ብረት ብረት ሲግጥ፣
ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው በእንቅልፉ ሲገላበጥ።
ጭሱ ፊት ጥቁር ነው፦ አየር አነሰው፤
ቆይቶ ሰማያዊ፦ ዘይት ቀመሰው።

ቱቦውን ፈታሁና ጣቴን ሰድጄ
ዘንጉን ብነካካው ዋለለ በእጄ።
ዘንግ መዞር እንጂ መወዛወዝ አያውቅም፤
ክንፎቹን ቆጠርኩ፤ ሁለቱ ጫፍ የላቸውም።
«ድንጋይ ነው?» አለ አስናቀው። «እንጃ» አልኩ።
በፒንሳ ጫፍ ከጥጉ አንድ ነገር ጎተትኩ።
ክር ነው። ሌላ ክር።
ዘይት የጠጣ ጨርቅ፣ ግማሹ የተበላ።
በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤
ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴ መስመር ወጣ።
የኔ ሸሚዝ።

ሐምሌ ነበር። ፊልትሮ ልቀይር ስፈታ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሳይታክት ሲመታ፣
ጭቃ እንዳይገባበት ብዬ ለአንድ አፍታ፣
ካረጀው ሸሚዜ ቀድጄ እጅጌ፣
ቱቦው አፍ ላይ ወተፍኩት ጠበቅ አድርጌ።
ያኔ ስልኬ ጮኸ፤ መዘዞ ያለች እህቴ
በሰላም ተገላገለች አሉኝ፤ ቅቤ ጠጣ አንጀቴ።
ስልኩን በትከሻዬ፣ «ማንን ትመስላለች?» እያልኩ፣
ጨርቁን ሳላወጣ ክላምፑን አጠበቅኩ።

ማንም አላየኝም።
አስናቀው ከባለመኪናዋ በስልክ ይሟገታል፤
«ከደሞዝህ ነው» ሲሉት እዚህ ድረስ ይሰማል።
«እትዬ፣ እኔ ዘይቱን በጊዜው…» ሳይጨርስ ይቋረጣል።
ጨርቁ ጭብጤ ውስጥ ነው። ትንሽ ነው።
እሳት ቢገባ አንድ ሽታ፣ አንድ ነበልባል።

«ስልኩን ስጠኝ» አልኩት።
«እትዬ የሺመቤት፣ ጨርቁ የኔ ነው። እኔ ነኝ የረሳሁት።»
ዝም አሉ። ከወዲያ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።
«ስንት ቀን?»
«ሦስት።»
«ሽንኩርት ሦስት ቀን አያውቅም» አሉና ዘጉት።

ቢራራ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወጣ፤
ለጣሪያ ባስቀመጥኩት ብር ካርትሬጁ መጣ።
ቀፎው ደህና ነበር፤ አጠብኩት በናፍጣ።
ኢንተርኩለሩን ገልብጬ መታ መታ አረግሁት፣
እንደ ጠባ ሕፃን እስኪያገሳ ጠበቅሁት፤
ሁለት ክር አወጣ።
በመግቢያው ቀዳዳ ዘይት አንቆረቆርኩ፣
በጣቴ አዟዟርኩት፤ ሲለሰልስ አመንኩ።
አስናቀው ሊረግጥ ሲል «ቆይ፣ ዘይቱ ይድረሰው፤
ደርቆ የሮጠ ነገር ዕድሜ የለው።»

በሁለተኛው ማታ፣ ጉም ከተማውን ሲውጥ፣
ዳገቱን ያዘው፣ ሳያቃስት፣ ሳያምጥ።
ቆይቶ አስናቀው ደወለ ከዋሻው አፍ።
ምንም አልተናገረም።
ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ፉጨቱን አሰማኝ፣
ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣
እስኪቋረጥ ድረስ።

አሁን ግድግዳዬ ላይ ሦስት ሚስማር አለ፣
ሦስት ጨርቅ። አንዱ ሚስማር ባዶ ከዋለ
ካቢና አይወርድም፣ ሞተር አይነሳም።
ቢራራ ይስቃል። ይሳቅ፤ አልከፋም።
ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል።
ማታ በር ስዘጋ በባትሪ እቆጥራለሁ፦
አንድ። ሁለት።
ቢራራ፣ ያኛውስ የት አለ?